የከፈተ ይዝጋ

በዚያ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ በሠራተኞቹ ልብ የተጻፈ ግን አንድ ነበረ፦ የከፈተ ይዝጋ። የአንድን ኮምፒውተር ብሎን የፈታ ሰው ራሱ ጠግኖ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ራሱ መልሶ ይገጥማል። ካልጠሩት በቀር በሌላው ክፍት ሥራ ላይ እጁንም አፉንም አያስገባም። ሕጉን ያወጡት ባለሱቁ ናቸው። በወጣትነታቸው በተቀጠሩበት ቤት ብዙ እጅ አንድ ማሽን ሲነካካ ብሎን ተርፎ፣ የእያንዳንዱ ጣት ወደ ጎረቤቱ ሲጠቁም አይተው ነበርና፣ "ብሎን ሲተርፍ ባለቤት ይጠፋል" ይሉ ነበር።

ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው መርፌ ነበረች። መርፌ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ቀጭን ስለሆነች፣ ጣቶቿም ሌላው ሰው በጉጠት የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ገብተው ስለሚወጡ፣ ምላሷም ስለሚወጋ ባለሱቁ አጎቷ ያወጡላት የሱቅ ስም ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ከእሳቸው ጎን ተቀምጣ ሥራውን ተማረች፤ ከተማረች በኋላም ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ የራሷ አደረገችው። ካቻቪቴዎቿ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው ይተኛሉ። ሰው አንዱን አንስቶ ቢመልሰው፣ በመዳፉ ላብ ሳይሆን አይቀርም፣ ታውቅበታለች። ሰው ሁሉ "ይቺን ለመርፌ ስጧት" ሲል መስማት ለጆሮዋ ሙዚቃ ነበር።

ይህ ሁሉ ሚጣ እስክትመጣ ነው።

ሚጣ የመርፌ ታናሽ እህት ናት። ከማሠልጠኛ ተቋም ተመርቃ ስትወጣ እናታቸው የገዛ ወንድማቸውን፣ ባለሱቁን አጎት፣ "አንዷን አሳድገህልኛል፣ ሁለተኛዋንም አደራ" አሏቸው፤ እሳቸውም በግድግዳው በኩል ባለው ጠረጴዛ አስቀመጧት። መጀመሪያ ሰሞን ሚጣ ትጠይቅ ነበር። አንድ ጠዋት የተፈታ ማሽን ታቅፋ መጣችና፣ "እትዬ፣ ይሄ ገመድ ለምንድነው ሁለት ዓይነት ጫፍ ያለው?" አለቻት።

"ዐይን የለሽም?" አለቻት መርፌ፣ ቀና ሳትል።

ሚጣ ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቷን ስለ ሥራ ጠይቃት አታውቅም። ይልቁንም አጎቷን ትጠይቃለች፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲያስረዱ ፊታቸው ይፈካል። የደንበኛውም ሁኔታ እየተለወጠ ነበር። ድሮ በመስኮቱ በኩል ይሰለፍ የነበረው ሰው አሁን የሚጣን ጠረጴዛ ተደግፎ ይስቃል፤ ሚጣም አብራው ትስቃለች፤ ይባስ ብሎ እየሳቀች ትሠራለች። መርፌ ጥርሷን ነክሳ ብሎን ታጠብቃለች። እንዲህ ባሉ ቀናት የምታጠብቀውን ብሎን በኋላ የሚፈታው ሰው ወዮለት።

ቆሽቷን ያሳረረው ግን ሌላ ነው። አጎትየው አንድ ጠዋት ሁለቱንም ጠርተው ወገባቸውን ይዘው ተናገሩ፦

"ልጆቼ፣ ይሄ ወንበር ለእኔ ጠላት ሆኖብኛል። ወሩ ሲያልቅ ቤት እውላለሁ። የሱቁን ቁልፍ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትይዛለች፤ ሌላዋ አብራት ትሠራለች።"

"የትኛዋ?" አለች መርፌ፣ እሳቸው ሳይጨርሱ።

"ሥራው ይነግረኛል።"

ቁልፉ በበሩ አጠገብ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌ በገባች በወጣች ቁጥር ታየዋለች። ስንት ዘመን ከጎናቸው ተቀምጣ እንደተማረች፣ ስንት የሞተ ማሽን እንዳስነሣች ታስብና፣ "ጥያቄ ነው እንዴ ይሄ?" ትላለች በሆዷ። ቁልፉ ግን እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው፤ ጥያቄ ባይሆን ኖሮ በእጇ በሆነ ነበር።

በዚህ መካከል ነው አንድ ጠዋት የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ የገባው። ጸጉሩ የሸሸ፣ ወሬው ያልሸሸ ሰው ነው።

"ይሄ ማሽን እንደኔ ሸምግሏል" አለ ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ። "ጠዋት ከፍቼው ልብሴን ለብሼ፣ ተላጭቼ፣ ከሚስቴ ተጣልቼ ታርቄ ስመለስ ገና እየተነሣ ነው። ፈጣን ዲስክ ይግባለት ብለውኛል። ግን አደራ! አሮጌው ዲስክ እንዳይነካብኝ። የሰፈሩ ፎቶ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። ዛሬ ድዱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ሁሉ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ያለው እዚያ ነው።"

መርፌ ካቻቪቴዋን አንስታ ተነሣች። ፎቶ አንሺው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ትንሿ ትሥራልኝ።"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?" አለች መርፌ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

"ምንም አላጠፋሽም የኔ ልጅ። ትፈሪያለሽ! ባለፈው አቧራ አስሞልተው መጡ ብለሽ የተቆጣሽኝ ገና አልወጣልኝም።"

አጎትየው ከት ብለው ሳቁና፣ "ሚጣ፣ ውሰጅው እንግዲህ" አሉ። መርፌ ተቀመጠች። የሰፈሩን ትልቁን አደራ፣ ቁልፉ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከዐይኗ ሥር አሻግረው ለታናሿ ሰጡት።

ሚጣ ማሽኑን በጎኑ አስተኛችው። የጎኑን ክዳን ፈትታ፣ አካሏ የያዘው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ የብረቱን አጽም በጣቷ ነካችና ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች። አሮጌው ሃርድ ዲስክ እንደ ጡብ ከብዶ በመቀመጫው ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ገመድ ተሰክቶበታል፣ አንዱ ኃይል የሚያመጣ፣ ሌላው መረጃ የሚያመላልስ። የመረጃው ገመድ በዋናው ቦርድ፣ በማዘርቦርዱ፣ ጠርዝ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ከመጨረሻው ላይ ተሰክቷል። አዲሱ ዲስክ ደግሞ ገመድ የለውም፤ እንደ ማስቲካ ስስ ሆኖ በቀጥታ ቦርዱ ላይ ይገጠማል። ለእሱ የሚሆኑ ማስገቢያዎች ሁለት ናቸው፤ ላይኛው ከማቀዝቀዣው ሥር ተደብቋል፣ ታችኛው ግልጥ ብሎ ተቀምጧል።

ሚጣ ታችኛውን መረጠች። አዲሱን ዲስክ አጋድላ አስገባች፣ በጣቷ ጫን አድርጋ አስተኛችው፣ ጫፉን በትንሿ ብሎን ያዘችው።

መርፌ ከመስኮቱ ሥር ሆና አየች፤ አይታም ገባት።

ይህን ዓይነት ቦርድ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት አንድ ሙሉ ቀን በልቶባት፣ ምሳዋን አስረስቷት፣ በመጨረሻ ምስጢሩን አግኝታበታለች። ታችኛው ማስገቢያ በጠርዙ ካሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት የገመድ ቀዳዳዎች ጋር አንድ መንገድ ይጋራል። አዲስ ዲስክ እዚያ ሲገባ ቦርዱ መንገዱን ለእንግዳው ይሰጥና ሁለቱን ቀዳዳዎች ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይዘጋቸዋል። ነባሩ ዲስክ አልሞተም፣ አልታመመም፤ ግን ማሽኑ አያየውም። መርፌ ይህን ያኔ ለማንም አልተናገረችም። ዕውቀት ለእሷ እንደ ሽቶ ነበር፤ ብልቃጡን ከከፈቱት የቤቱ ሰው ሁሉ ይሸተዋል።

አሁን አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሕግ አለ፤ የከፈተ ይዝጋ። ሕጉ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ዝም አይነቅዝም አለችና ጎንበስ ብላ የራሷን ሥራ ቀጠለች።

ሚጣ ሥራዋን እንደ ተማረችው ሠራች። ማሽኑን የሚያስነሣው አዲሱ ሲስተም በስሕተት አሮጌው ላይ እንዳይጫን ብላ በቅድሚያ የአሮጌውን ገመድ ነቀለች። ማሽኑን አስነሥታ አዲሱን ዲስክ አዘጋጀችው፤ ኮምፒውተሩ "ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፤ ይዘጋጅ?" ሲላት "እሺ" አለች፣ በክፍል በክፍል ከፋፈለችው፣ ሲስተሙን ጫነችበት። ሲጠብቅ ያረፈደው ፎቶ አንሺ የማሽኑን ፍጥነት ሲያይ እጁን አጨበጨበ።

"ኧረ ይሄ ነገር! ልብሴን መቼ ልልበስ ነው አሁን?"

"ማታውኑ ተላጭተው ይተኛሉ ጋሼ" አለች ሚጣ እየሳቀች፤ ማሽኑን አጥፍታ የአሮጌውን ገመድ ወደ ነበረበት የመጨረሻ ቀዳዳ መለሰችና እንደገና አስነሣችው።

አሮጌው ዲስክ የለም።

ሚጣ ዐይኗን ወደ ኮምፒውተሩ ማያ አስጠጋች። አጠፋችው። ገመዱን ቀየረች። የለም። በአጠገቡ ወዳለው ቀዳዳ አዛወረችው፤ እሱም ከተዘጉት ሁለቱ አንዱ ነውና፣ የለም። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

መርፌ ይህን ሁሉ ሳታይ ታየው ነበር። ደስታ አይሉት ሥቃይ፣ አንድ ነገር በደረቷ ውስጥ ይሞቃት ጀመር። እንግዳው ገብቶ ነባሩ ሲጠፋ እንዲህ ነው አለች በሆዷ። እኔ ስጠፋ ማን ደነገጠ?

"ምነው ዝም አልሽ?" አለ ፎቶ አንሺው።

"ትንሽ... አሮጌው ዲስክ እምቢ ብሎኝ ነው።"

"እምቢ ማለት?"

"አይታየኝም ጋሼ።"

የሰውየው ወሬ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከፊት ለፊት ደንበኛ ያነጋግሩ የነበሩት አጎትየው አንገታቸውን አሰገጉ፣ ግን አልመጡም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። መርፌ እህቷ ቀና ብላ ታያት እንደሆነ ጠበቀች። አንዴ "እትዬ" ትበለኝ፤ እነግራታለሁ፤ ሰውም ሁሉ ይሰማል፤ ያኔ ቁልፉ ወዴት እንደሚሄድ አጎቴ ያያሉ። ሚጣ ግን አልጠራቻትም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጆሮዋ ቀልቶ፣ ብቻዋን ታገለች። "ዐይን የለሽም?" የተባለ ሰው ዐይኑን ይዞ ይሞታል እንጂ ደግሞ አይጠይቅም።

በመጨረሻ ሚጣ አሮጌውን ዲስክ ከመቀመጫው አወጣችውና ከመደርደሪያው ላይ ዲስክን ከውጭ የሚያገናኘውን የሱቁን አሮጌ ሣጥን አወረደች። መርፌ ሣጥኑን ስታይ ካቻቪቴዋን አስቀመጠች። ያ ሣጥን ትልልቅ ዲስኮችን አዛብቶ ነው የሚያነበው፤ ጤነኛውን ዲስክ ባዶ ነው ብሎ ይመሰክርበታል። ትልቅ ዲስክ ሲመጣ መርፌ ከመሳቢያዋ የራሷን አዲስ ሣጥን ታወጣ ነበር፤ ያንን ሣጥን ለማንም አበድራ፣ ለምን እንደማታበድርም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ማያው ላይ ያው ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፤ ይዘጋጅ?

"ይኸው መጣ!" ፎቶ አንሺው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ላዘጋጅ እያለ እኮ ነው ማሽኑ ራሱ! እሺ በይዋ!"

ሚጣ አመነታች። ጠዋት ለዚሁ ጥያቄ "እሺ" ብላ መልካም ሆኖላት ነበር። ግንባሯ ላብ አውጥቷል፤ ሰውየው ከኋላዋ ይተነፍሳል። ጣቷ ማውዙ ላይ ሄደ።

መርፌ በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አየች፤ ቁልፉን በእጇ፣ ከእሱም ጋር የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፎቶ ጠፍቶ። አንዲት ቃል አለመናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የከፈተ ይዝጋ።

"እጅሽን አንሺ!"

ድምፁ ከእሷ እንደወጣ ያወቀችው ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት ነው። ወንበሯ ወድቋል። ካቻቪቴዎቿም ተበትነዋል።

"እሺ እንዳትይው! ጥርግ አድርጎ ነው የሚያጠፋው። ዲስኩ ደህና ነው፤ ሣጥኑ ነው ውሸታም። አውጪው፣ ወደ ማሽኑ መልሺው፤ ገመዱን ደግሞ እዚያ ጫፍ ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ሰኪው።"

ሚጣ እንደ ተባለችው አደረገች። ማሽኑ ተነሣ። አሮጌው ዲስክ ከአዲሱ ጎን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ብቅ አለ።

ፎቶ አንሺው እፎይ ብሎ ማውዙን ነጠቃትና በጎቹን እንደሚቆጥር እረኛ ፎቶዎቹን መክፈት ጀመረ። አንዱ ጋ ሲደርስ ሳቁ ተመለሰለት።

"ኑ እዩ እስቲ! ከፊልም የገለበጥኩት ነው። እናንተ ናችሁ እኮ!"

በፎቶው ላይ አንዲት ቀጭን ሕፃን በጥቅልል ጨርቅ የተሸፈነ አራስ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። አራሷ ወደ ካሜራው አፏን ከፍታለች። ታቃፊዋ ግን ፊቷን እንደ ጠጠር አጥብቃዋለች።

"እህት መጣችልሽ፣ ፊትሽን ፍቺው ብዬ ብለምን ብለምን፣ ወይ ፍንክች!" አለ ፎቶ አንሺው። "ተመልከቷት፤ ዛሬም ያው ናት።"

መርፌም ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

አጎትየው ያን ጊዜ ከፊት ለፊት ተነሥተው መጡ። ወገባቸውን ይዘው፣ ወደ በሩ ተመልሰው፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረዱና ከመርፌ መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ሕጌን ሰብረሽ የሰው አደራ አተረፍሽ" አሉ። "ወሩ እስኪያልቅ ምን አስጠበቀኝ? ያዥው።"

ቁልፉ ቀዝቃዛ ነበር። መርፌ ስታልመው የኖረችው ከባድ አድርጋ ነው፤ ቀሎ አገኘችው። አጎትየውና ፎቶ አንሺው ወደ ፊት ለፊት ሲሄዱ ሚጣ የተበተኑትን ካቻቪቴዎች ለቃቅማ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት። አንድም አልተሳሳተችም።

"እትዬ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጠዋት አዲሱን ዲስክ ስገጥም አይተሽኝ ነበር አይደል?"

መርፌ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው።

"ዐይንሽ እዚያ ማስገቢያ ላይ ነበር። ገባኝ አሁን። ለአጎቴ አልነግራቸውም። አይዞሽ።"

አይዞሽ! ይህች ቃል ከቀኑ ሁሉ ይልቅ አቃጠለቻት። ሳቁን ወስዳባት ነበር፤ ደንበኛውን ወስዳባት ነበር፤ የአጎቷን የፈካ ፊት ወስዳባት ነበር፤ እነሆ አሁን ደግሞ በደግነትም ልትበልጣት ነው። ከነገ ጀምሮ በሩን በከፈተች ቁጥር የምትከፍተው በታናሽ እህቷ ይቅርታ ይሆናል። ሰው በቅናት ይዋሻል ይባላል። መርፌን እውነት ያናገራት ግን ያው ቅናት ነው። ብድግ ብላ ወደ አጎቷ ሄደች።

"አጎቴ፣ ይውሰዱት ቁልፉን።"

"ምነው?"

"ሚጣ ጠዋት ስትገጥመው አይቻለሁ። አሮጌው ዲስክ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ፎቶ አንሺው ጣሪያውን እያየ፣ "እኔ እንኳ ምንም አልሰማሁም፤ ጆሮዬም እንደ ማሽኔ ነው" አለ። የሳቀለት አልነበረም።

አጎትየው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ወለወሉት።

"ለምን?" አሉ በመጨረሻ።

"ቀናሁባታ።"

"እሱማ እሷ አራስ ሳለች ጀምሮ ነው፤ አሁን ፎቶው ላይ አየሁት። የጠየቅሁሽ አፍሽን ምን ያዘው ብዬ ነው።"

"የከፈተ ይዝጋ ነው ሕጉ።"

"ሕጉን ያወጣሁት ለብሎን ነው ልጄ" አሉ አጎትየው። "ለእህት አላወጣሁም።"

ቁልፉን ወሰዱ። ለሚጣም አልሰጧት። ወደ በሩ ሄደው ከሚስማሩ ላይ መልሰው አንጠለጠሉት፤ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

"ነገ የሚመጣውን የመጀመሪያ ማሽን ሁለታችሁ አብራችሁ ትከፍቱታላችሁ። አብራችሁም ትዘጉታላችሁ። ወሩ ገና አላለቀም፤ ያኔ እናያለን።"

ፎቶ አንሺው ማሽኑን አቅፎ ወጣ። ሚጣ ወንበሯን ጎትታ ወደ መስኮቱ መጣች፤ ከመርፌ ጠረጴዛ ጥግም ተቀመጠች። ጆሮዋ ገና ቀይ ነው።

"እትዬ፣ ያ ቀዳዳ እንደሚዘጋ በምን አወቅሽ?"

"ዐይን የ..." መርፌ ቃሉን ከጥርሷ ላይ መልሳ ዋጠችው። ከመደርደሪያው አሮጌ ቦርድ አወረደች፤ ታችኛውን ማስገቢያና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች በካቻቪቴዋ ጫፍ እያሳየች፣ ምሳዋን ያስረሳትን ያን ሙሉ ቀን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻት። ሚጣ በጥሞና አዳመጠች፤ አንዴም፣ "ታዲያ ላይኛው ማስገቢያ ቢሆን የትኛው ይዘጋል?" ብላ ጠየቀች። መርፌ አስባው የማታውቅ ጥያቄ ነበር። ጥሩ ጥያቄም ነበር፤ ያ ደግሞ ትንሽ ቆጠቆጣት።

"እንሞክረዋ" አለች።

ሚጣ ካቻቪቴ ለማንሣት ስትዞር መርፌ ቀና ብላ ወደ በሩ ተመለከተች። ከሚስማሩ እስከ ራሷ ወንበር፣ ከሚስማሩ እስከ እህቷ ወንበር፣ በዐይኗ ለካችው። የሚጣ ጥቂት ይቀርባል። በእግሯ ጫፍ የራሷን ወንበር ወደ በሩ ገፋ አደረገችና ጎንበስ ብላ ብሎኑን መፍታት ጀመረች።